ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል
(የመጀመሪያ ሽጉጥ አመራረጥን በተመለከተ በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ገለጻ)



የዛሬው ርእሳችን ብዙዎቻችሁ ቡና ላይ የምትጠያየቁበት ጉዳይ ነው። እዚህ ሰሜን ቨርጂኒያ ከመካከላችን ሌሊት ታክሲ የሚነዳ አለ፤ ሱቁን ዘግቶ የቀን ሽያጩን ይዞ የሚወጣ አለ፤ የሌሊት ተራዋን ጨርሳ ብቻዋን ወደ መኪናዋ የምትሄድ እህት አለች። «ሽጉጥ ልግዛ ወይ? ከገዛሁስ የትኛውን?» የሚለው ጥያቄ ስለ በዛ፣ የማውቀውን እንዳካፍል ማኅበሩ ጠይቆኛል። ግዙ ለማለት አልመጣሁም፤ አትግዙ ለማለትም አይደለም። የሚገዛ ሰው ግን አውቆ ይግዛ። አባቶቻችን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ስለ ሕጉ። በቨርጂኒያ ሽጉጥ በልብስ ውስጥ ሸሽጎ ለመያዝ ፈቃድ ያስፈልጋል። ፈቃዱን የሚሰጠው በምትኖሩበት ካውንቲ ወይም ከተማ ያለው ሰርኪዩት ፍርድ ቤት ነው። አመልካቹ 21 ዓመት የሞላውና ሥልጠና የወሰደበትን ማስረጃ የሚያቀርብ መሆን አለበት። እ.ኤ.አ. ከ2021 መጀመሪያ ወዲህ በኢንተርኔት ብቻ የተወሰደ ሥልጠና አይቆጠርም። ዜጋ ያልሆነ ሰው ግሪን ካርድ ካለው ማመልከት ይችላል። ፈቃዱ ለ5 ዓመት ያገለግላል።

አሁን ጆሮ ስጡኝ። ይህ ፈቃድ ድልድዩን አይሻገርም! ዋሽንግተን ዲሲም ሆነ ሜሪላንድ የቨርጂኒያን ፈቃድ አይቀበሉም። አርሊንግተን ላይ ሕጋዊ የነበረ ሰው ፖቶማክን ሲሻገር ወንጀለኛ ይሆናል። በዲሲ ያለ ዲሲ ፈቃድ ሽጉጥ ታጥቆ መገኘት እስከ 5 ዓመት እስራት ያስቀጣል። ተሳፋሪ ይዞ በቀን አሥር ጊዜ ለሚሻገር ባለታክሲ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ዘመድ ለመጠየቅ ለሚሄድ ሰው፣ ይህ ቀላል ነገር ነው እንዴ? ግሪን ካርድ ለያዘ ደግሞ የባሰ አለ። በጦር መሣሪያ ወንጀል የተፈረደበት ሰው በኢሚግሬሽን ሕግ ከአገር ሊባረር ይችላል። ስንት ዓመት የተለፋበት ኑሮ በአንድ ምሽት ይፈርሳል ማለት ነው።

ሌላው «ለወንድሜ እኔ ልግዛለት» የሚባለው ነው። በግዢ ጊዜ የሚሞላው ቅጽ እውነተኛው ገዢ ማን እንደሆነ ይጠይቃል። በሌላ ሰው ገንዘብ፣ ለሌላ ሰው እየገዙ «ለራሴ ነው» ብሎ መፈረም የፌዴራል ወንጀል ነው። ይሉኝታ እዚህ ቦታ የለውም።

እንግዲህ ወደ መሣሪያው እንምጣ። ሪቮልቨር የምንለው ጥይቱን የሚጎርሰው ክብ ቤት የሚሽከረከረውን ሽጉጥ ነው። ለጀማሪ የሚመረጥበት ምክንያት አለው። ክብ ቤቱን ከፍቶ መጉረሱን ወይም ባዶ መሆኑን በዓይን ማየት ይቻላል። አንዱ ጥይት ቢከሽፍ ቃታውን እንደገና መሳብ ነው፤ ቀጣዩ ይመጣል። ጉድለቱ ደግሞ ትንንሾቹ አብዛኛውን ጊዜ አምስት ጎራሽ መሆናቸው፣ ቃታቸውም ከባድ መሆኑ ነው።

ሱቅ ስትገቡ ሻጩ ብዙ ጊዜ የሚያቀርብላችሁ ቀላሉን ነው። ስሚዝ ኤንድ ዌሰን 642 ወይም ሩገር ኤል ሲ አር 400 ግራም ገደማ ይመዝናሉ፤ ኪስ ውስጥ መኖራቸው እንኳ አይታወቅም። መልካም መሣሪያዎች ናቸው፤ ለመጀመሪያ ሽጉጥ ግን ይከብዳሉ። ቀላል ሆኖ ይከብዳል እንዴ? አዎን! ያው ጥይት ከቀላል ሽጉጥ ሲተኮስ እጅን አብዝቶ ይመታል። ቃታው 5 ኪሎ ያህል ጉልበት ይፈልጋል፤ መሣሪያው ራሱ ግን ግማሽ ኪሎ አይሞላም። ስለዚህ ሲሳብ አፈሙዙ ይወዛወዛል። ባለቤቱ አምስት ጥይት ተኩሶ እጁን እያሻሸ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ሽጉጡም መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ያልተለማመዱበት መሣሪያ ደግሞ በችግር ቀን ጠላት ነው።

በመሆኑም ለጀማሪ የምመክረው ከብረት የተሠራውን ነው። ለምሳሌ ሩገር ኤስ ፒ 101 ከ700 ግራም በላይ ይመዝናል። ወገብ ላይ ይሰማል፤ እጅን ግን አይቀጣም። ጥይቱ 38 ስፔሻል ይሁን። 357 ማግነም የሚጎርስ ሽጉጥ 38 ስፔሻልንም ይተኩሳል፤ 38ቱ ግን 357 አይተኩስም። እጁን የሚያመው ወይም አቅሙ የደከመ ሰው ከዚህ የለዘበውን 32 ኤች ኤንድ አር ማግነም የሚተኩስ ይሞክር። በኪስ ለሚይዝ መምቻው ውስጥ የተሸፈነው ይሻላል፤ ሲወጣ ልብስ አይዝበትም።

ከመግዛታችሁ በፊት የተኩስ ልምምድ ቦታ ሄዳችሁ ተከራዩ፤ ብዙዎቹ ያከራያሉ። ሌባ ጣታችሁ መያዣውን ሳትለቁ ቃታው ላይ በደንብ ይደርሳል? ባዶ መሆኑን ሁለት ጊዜ አይታችሁ፣ በአሠልጣኙ ፈቃድ አሥር ጊዜ ስትስቡት አፈሙዙ ሳይናወጥ ይቆያል? ከ7 ሜትር ላይ ሃምሳ ጥይት ተኩሳችሁ ነገም ለመመለስ ትፈልጋላችሁ? ሦስቱንም አዎን ካላችሁ ያ ሽጉጥ የእናንተ ነው። አምሮ መታየቱ ምንም ዋጋ የለውም።

አፎቱን አትርሱ። ቃታውን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን፣ ሽጉጡ ሲወጣ እዚያው የሚቀር ይሁን። በኪስ ከሆነ ኪሱ ለሽጉጡ ብቻ ነው፤ ቁልፍና ሳንቲም አብረው አይገቡም። እህቶቼ፣ የእጅ ቦርሳ ልጆች ከረሜላ የሚፈልጉበት ቦታ መሆኑን እናንተ ታውቃላችሁ። በሰውነት ላይ የማይውል መሣሪያ በቁልፍ ሣጥን ይቀመጥ።

የመጨረሻው ይህ ነው። በዚህ አገር በጥይት ከሚሞቱት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ራሳቸውን የሚያጠፉ ናቸው። ይህን በየለቅሶ ቤቱ ማንም አይናገረውም። በቤታችሁ የተከፋ፣ እንቅልፍ ያጣ፣ ተስፋ የቆረጠ ሰው ካለ፣ ወጣትም ይሁን ሽማግሌ፣ ለጊዜው ሽጉጥ አትግዙ። ያለም ከሆነ ሕግ በሚፈቅደው መንገድ ከቤት ይውጣ። በር ላይ ይመጣል ብለን ከምንፈራው ሌባ ይልቅ ቤት ውስጥ ያለው ኀዘን ይቀርባል።

መታጠቅ ካለባችሁ ሳትሮጡ፣ ረጋ ብላችሁ ታጠቁ።