የጀሞ ነገ በካርታ ላይ

ዛሬ ከአዲስ አበባው ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ ከጀሞ እንነሳ። ትናንት የእርሻ ማሳ በነበረው በዚህ ሰፈር ኮንዶሚኒየሞች መካከል ቢዘዋወሩ፣ ከጋራ መገልገያ ቤቱ ደጃፍ የተሰጣ በርበሬ ያያሉ፤ በዓል ሲሆን ደግሞ በግ ሲገፈፍ። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። ንድፉ ሲሠራ ለማረጃ፣ ለእንጀራ መጋገሪያና ለልብስ ማጠቢያ ተብሎ ቦታ ተይዟል። ፕላን ማለት እንግዲህ የሰውን አኗኗር ቀድሞ ማሰብ ነው።

ለመላ ከተማዋ ይህን የሚያስበው መዋቅራዊ ፕላን ይባላል። በ2000 ዓ.ም. በወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 መሠረት ዕድሜው 10 ዓመት ነው። በ2009 ዓ.ም. የጸደቀው የአዲስ አበባ አሥረኛው ፕላን ከከተማዋ መሬት 30 በመቶውን ለመንገድ፣ 30 በመቶውን ለአረንጓዴ ስፍራ፣ 40 በመቶውን ለግንባታ መድቧል። ከሱ በታች የአካባቢ ልማት ፕላን አለ፤ የሰፈሩን የውስጥ ለውስጥ መንገድና የሕንፃ ከፍታ በዝርዝር የሚወስነው እሱ ነው።

ታዲያ ካርታው ላይ አረንጓዴ የተቀባው ቦታ አጥር ሲታጠርበት ዝም ከተባለ፣ ፕላኑ ወረቀት ሆኖ ይቀራል።

የአሥር ዓመቱ ጊዜ እየተገባደደ ነው። ስለ ቀጣዩ ፕላን ለውይይት ሲጠሩ አይቅሩ። ልጆችዎ ኳስ የሚጫወቱበትን ሜዳ በስሙ ጠርተው፣ «ካርታው ላይ ምን ተብሏል?» ብለው ይጠይቁ።