በሩ ለፀሐይ፣ ጠረጴዛው ለጀበና

የዛሬው ጉዳያችን የእንጨት ቫርኒሽ ነው።

የመካነ ሰላም ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ብርድ ነው ብላችሁ ፀሐይዋን አትናቋት፤ ከፍታው በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አልትራቫዮሌት ጨረሩ 10 በመቶ ገደማ ይበረታል። የዋንዛ በር ተራ ቫርኒሽ ተቀብቶ ደጅ ሲቆም፣ ጨረሩ ጥርት ባለው ቫርኒሽ አልፎ እንጨቱን ይጎዳዋል። የያዘው እንጨት ሲላላ ቫርኒሹ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሳል። ወቀሳው ግን ለአናጢው ነው! ለደጅ በር የውጭ ቫርኒሽ፣ ያውም ጨረር የሚከላከል፣ ምረጡ። እኔ ብሆን ትንሽ ቀለም ያለበትን እወስዳለሁ፤ ቀለሙ ጨረሩን ያግዳል።

የቤት ዕቃ ፈተናው ሌላ ነው። ትኩስ ጀበና ያለ ማቶት ያረፈበት ጠረጴዛ ላይ የሚቀረውን ነጭ ክብ ታውቁታላችሁ። እዚህ ላይ ፖሊዩሬቴን ከናይትሮ ቫርኒሽ ይሻላል።

በሐምሌ ጭጋግማ ናይትሮ ባትቀቡ ይመረጣል። ቲነሩ ሲተን ፊቱን ያቀዘቅዘዋል፤ የአየሩ እርጥበት ያርፍበትና ወተት የፈሰሰበት ይመስላል። ብራ ቀን ጠብቁ፤ ስስ ስስ አድርጋችሁ፣ በየመሐሉ በብርጭቆ ወረቀት እያሻችሁ ቀቡ። የበሩን የታች ጫፍም አትዝለሉ፤ ውሃውን የሚጠጣው በዚያ በኩል ነው።