ዝምታ ሁሉ ዕረፍት አይደለም፤ የጽኑ ሕሙማን ክፍል ነርሶችን ስለ ማሠልጠን



በመተንፈሻ መሣሪያ ለሚረዱ ሕሙማን ስለሚሰጠው የማረጋጊያ መድኃኒትና ለነርሶች ስለሚያስፈልገው ሥልጠና እንድናገር ስለተጋበዝሁ ማኅበራችንን አመሰግናለሁ።

በቋንቋችን «ዐረፈ» የሚለው ቃል ከድካሙ ላረፈውም ከዚህ ዓለም ለተለየውም ይነገራል። የጽኑ ሕሙማን ክፍል ነርስ በየሰዓቱ የምትሠራው በእነዚህ በሁለቱ ፍቺዎች መካከል ነው። በጉሮሮው ቱቦ የገባለት ሕመምተኛ መወራጨቱን ሲተው ክፍሉ ጸጥ ይላል፤ አስታማሚውም «ተመስገን፣ አሁንስ ዐረፍ አለ» ይላል። ይሁን እንጂ መጠኑ ያለፈ ማረጋጊያ ሕመምተኛውን ከመተንፈሻ መሣሪያው እንዳይላቀቅ ያዘገየዋል፤ ጡንቻውን ያደክመዋል፤ ለሳንባ ምችም ያጋልጠዋል።

ይህን ለማረም የነርስ ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ በጥናት ታይቷል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1999 ታትሞ በወጣ አንድ ጥናት 321 ሕሙማን በሁለት ተከፍለው ነበር። ነርሶች በጽሑፍ በተሰጣቸው መመሪያ መሠረት መድኃኒቱን ራሳቸው ከፍና ዝቅ ባደረጉበት ወገን፣ በመተንፈሻ መሣሪያ የመቆያው መካከለኛ ጊዜ ወደ 56 ሰዓት ሲሆን፣ በተለመደው አሠራር በተረዳው ወገን 117 ሰዓት ነበር። ልዩነቱን ያመጣው አዲስ መድኃኒት ሳይሆን የአሠራር ለውጥ ነው።

እንግዲህ ሥልጠናው ምን ያስተምር? በእኔ አስተያየት ሦስት ነገሮችን ነው።

አንደኛው ምክንያትን መፈለግ ነው። ሕመምተኛው ሲወራጭ እጃችን አስቀድሞ ወደ መርፌው መሄድ የለበትም። ቱቦው በአክታ ተዘግቶ እንደሆነ፣ ኦክሲጅን አንሶት እንደሆነ፣ ፊኛው ሞልቶ እንደሆነ፣ ቁስሉ እያመመው እንደሆነ በቅድሚያ ይመርመር። ሕመም ያለበትን ሰው በዳያዜፓም ማስተኛት ሕመሙን አያስታግሠውም፤ መናገሪያውን ብቻ ይነሣዋል። ስለዚህ የሕመም ማስታገሻ ከማረጋጊያ ይቀድማል።

ሁለተኛው መለካት ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመው የሪችመንድ መለኪያ ከወረቀትና ከሰዓት በቀር ዕቃ አይጠይቅም። ኃይለኛ ተደባዳቢ የሆነው ሕመምተኛ +4፣ ነቅቶ የተረጋጋው 0፣ ለድምፅም ለንክኪም ምላሽ የማይሰጠው −5 ይባላል። ነርሷ በመጀመሪያ ትመለከታለች፤ ካልነቃ በስሙ ጠርታ ዐይኑን ገልጦ እንዲያያት ትጠይቀዋለች፤ ለድምፅዋ ካልመለሰ ትከሻውን ትነቀንቃለች። ጡንቻ የሚያዝል መድኃኒት በተሰጠው ሕመምተኛ ላይ ግን ይህ መለኪያ አያገለግልም፤ እንዲህ ያለው ሰው ነቅቶና ሁሉን እየሰማ ሳለ መንቀሳቀስ ሊሳነው ስለሚችል፣ በቂ ማረጋጊያ ማግኘቱ አስቀድሞ መረጋገጥ አለበት።

ሦስተኛው መቀነስንና ማንቃትን መልመድ ነው። ዳያዜፓም በሰውነት ውስጥ እየተጠራቀመ ይቆያል፤ የዛሬው መጠን በነገው ላይ ይደመራል። ስለዚህ ሐኪሙ የሚፈለገውን የንቃት ደረጃ በጽሑፍ ይወስን፤ ነርሷም በዚያ ወሰን ውስጥ መጠኑን ታስተካክል። የራስ ቅል ውስጥ ግፊት ከፍ ያለበትንና የማያቋርጥ የሚጥል በሽታ የያዘውን ሕመምተኛ የመሳሰሉት ግን ያለ ሐኪም ውሳኔ አይነቁም።

ይህ ሁሉ በመማሪያ ክፍል ሰሌዳ ብቻ አይለመድም። ሁለት ነርሶች አንዱን ሕመምተኛ ለየብቻ ለክተው ውጤታቸውን ያስተያዩ፤ ከተለያዩም ምክንያቱን እዚያው አልጋው አጠገብ ይወያዩበት። ሕመምተኛው የሚሰማውን ቋንቋ መጠየቅም የሥልጠናው ክፍል ይሁን፤ በማያውቀው ቋንቋ «ዐይንህን ግለጥ» ተብሎ ያልገለጠ ሰው ደንዝዟል ሊባል አይገባውም። ለአስታማሚውም የምናነቃው ልናስጨንቀው ሳይሆን ከመሣሪያው ልናላቅቀው እንደሆነ ይነገረው።

አንዲት ነርስ ለብዙ አልጋ በምትቆምበት ሌሊት ያስተኛነው ሕመምተኛ ሥራ እንደሚያቃልል ሁላችንም እናውቃለን። ሥልጠናው ይህን ፈተና ሳይሸሽግ መናገር ይኖርበታል፤ የሠለጠነችውም ነርስ «ይህ መጠን በዝቷል» ስትል የሚሰማት ሐኪምና የሚደግፋት ኃላፊ ያስፈልጋታል። ማኅበራችን ስለ ሥልጠናው በሚመክርበት ጊዜ ስለዚህም ሥልጣን አብሮ እንዲመክር በአክብሮት አሳስባለሁ።