ከጉበት ከፍሎ መስጠት፦ ለሰጪውም እናስብ

  

 በዛሬው ዝግጅታችን በጭንቀት ሰዓት የሚነሳ አንድ ጥያቄ ይዘን ቀርበናል። የአባት ጉበት ከጥቅም ውጭ ሆኗል። ሐኪሙ ከቤተሰቡ አንዱ ከጉበቱ ከፍሎ ቢሰጠው ሊድን እንደሚችል ተናግሯል። ታዲያ ማን ይስጥ? ሸሪዓውስ ይፈቅዳል ወይ?

ሁልጊዜ የምናወራው ስለ በሽተኛው ነው። ዛሬ ግን ስለሚሰጠው ሰው አብዝተን ልንናገር ወደናል። ከሁለቱ ታካሚዎች አንዱ ምንም ሕመም ሳይኖርበት፣ በእግሩ ሄዶ ወደ ቀዶ ሕክምና የሚገባ ጤነኛ ሰው ነውና።

ይህ ሕክምና በከባድ ዋጋ የተገኘ ነው። (ዓመቶቹን የምንጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።) ዶክተር ቶማስ ስታርዝል በ1963 በአሜሪካ ዴንቨር ከተማ የመጀመሪያውን የጉበት ንቅለ ተከላ ሲሞክሩ ታካሚው ሕፃን እዚያው በቀዶ ሕክምናው ላይ አረፈ። ፍሬ የታየው በ1967 ነው። ሰውነት የሌላ ሰው አካል ሲገባበት እንዳይዋጋ የሚያደርገው ሳይክሎስፖሪን የተባለ መድኃኒት በ1980ዎቹ ሲመጣ ደግሞ ሕክምናው ተስፋፋ። በመጀመሪያ ጉበት የሚወሰደው ከሟች ብቻ ነበር። በ1989 በአውስትራሊያ ብሪስበን ከተማ አንዲት እናት ከጉበቷ ተከፍሎ ለልጇ ተሰጠና ተሳካ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት አዋቂ ለአዋቂ መስጠትም ተቻለ።

ይህን ያስቻለው አላህ (ሱ.ወ.) ለጉበት የሰጠው ልዩ ተፈጥሮ ነው። ኩላሊት አንዱ ከወጣ ሌላ አይተካም። ከጉበት ግን የቀኙ ክፍል፣ ማለትም ከጠቅላላው ስድሳ በመቶ ገደማ ተወስዶ፣ የቀረው በጥቂት ወራት ውስጥ አድጎ ወደ ቀድሞው መጠኑ ይጠጋል። ሱብሓነላህ! ሆኖም ሐኪሞች በለጋሹ ውስጥ ቢያንስ ሠላሳ በመቶ ያህል ጤነኛ ጉበት መቅረቱን ሳያረጋግጡ አይጀምሩም። አደጋው ትንሽ ቢሆንም አለ። የቀኙን ክፍል ከሚሰጡ አንድ ሺህ ሰዎች መካከል ከሁለት እስከ አምስት የሚሆኑት ሕይወታቸውን ሊያጡ እንደሚችሉ ይገመታል። ደም መፍሰስ፣ የሐሞት መፍሰስና የቁስል መመርቀዝ ደግሞ ከዚህ በላይ ያጋጥማሉ።

ዑለማኦቻችንም ያዩት ይህንኑ ነው። ዓለም አቀፉ የፊቅህ ጉባኤ በ1988 በጅዳ ባደረገው አራተኛ ስብሰባው፣ እንደ ደምና ቆዳ ያለ ራሱን የሚተካ አካል ከአንድ ሰው ወደ ሌላው እንዲተላለፍ ፈቅዷል። ሰጪው ግን ለራሱ መወሰን የሚችል ሙሉ ሰው መሆን አለበት። ሕይወት የቆመበትን እንደ ልብ ያለ አካል ከሕያው ሰው መውሰድ ሐራም ነው፤ አካልን መሸጥም እንዲሁ። ጉባኤው በምሳሌነት ያነሳው ደምንና ቆዳን ነው፤ ከጉበት የሚከፈለው ክፍልም በጠባዩ ለእነርሱ የቀረበ ይመስለናል። አንዱን ጉዳት በተመሳሳይ ጉዳት ማስወገድ አይፈቀድም የሚለው የፊቅህ መርህም ለሰጪው ጠበቃ ነው።

ስለ ሮቦት ቀዶ ሕክምና ብዙ ትሰሙ ይሆናል። በሪያድ የሚገኘው የንጉሥ ፈይሰል ስፔሻሊስት ሆስፒታል ለጋሾችን በዚህ መንገድ በብዛት በማከም ይታወቃል፤ በ2023 ደግሞ የሰጪውንም የተቀባዩንም ቀዶ ሕክምና በሮቦት አከናውኗል። ሮቦቱ በራሱ አይቆርጥም። ሐኪሙ ከአልጋው ራቅ ብሎ ተቀምጦ፣ በትናንሽ ቀዳዳዎች የገቡትን የመሣሪያውን ክንዶች በእጁ ያንቀሳቅሳል፤ የሆድ ዕቃውንም አጉልቶ በሚያሳይ ካሜራ ያያል። የተከፈለው ጉበት የሚወጣው ከእምብርት በታች፣ እናቶች በኦፕራሲዮን ሲወልዱ በሚቀደደው ስፍራ በኩል ነው። ትልቁ የሆድ ጠባሳ ይቀራል፣ የሚፈሰው ደምና ሕመሙ ይቀንሳል፣ ለጋሹም ቶሎ ያገግማል። ግን ሰዓቱ ይረዝማል፣ ወጪውም ይከብዳል። ደግሞም ከመሣሪያው ይልቅ የሐኪሙ ልምድ ይበልጣል። በቱርክ ማላትያ በኢኖኑ ዩኒቨርሲቲ እጅግ ብዙ ሰዎች የዳኑት በተለመደው ሆድ ከፍቶ በሚሠራ ቀዶ ሕክምና ነው።

ወደ ቤታችን እንመለስ። በአገራችን በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የኩላሊት ንቅለ ተከላ በ2015 ተጀምሯል። ለጉበት ግን ቤተሰቦች ለጋሻቸውን ይዘው ወደ ሕንድና ቱርክ ሲሄዱ ኖረዋል። ጭንቁ እዚህ ላይ ነው። ቤት ተሸጦ፣ ጀመዓው አዋጥቶ፣ ቪዛ ወጥቶ፣ ትኬት ተቆርጦ ካለቀ በኋላ ታናሽ ወንድም «ፈራሁ» ቢል ማን ይሰማዋል? ገና ያላገባች እህት ስትመረጥስ፣ «አንቺ ምን ኃላፊነት አለብሽ» ተብላ አይደለምን? «ሸኽ፣ እስቲ ምከሩልን» እያሉ የሚመጡ አሉ። እኛ የሕክምናውን ሁኔታና የዑለማኦችን ቃል እንነግራለን እንጂ ማንንም ስጥ ብለን አንገፋም። በፈቃድ የሚሰጥ ታላቅ አጅር ይጠብቀዋል፤ ያልሰጠም ወንጀለኛ አይደለም።

ስለዚህ ገንዘብ ከመሰብሰቡ በፊት፣ አባትም እናትም በሌሉበት፣ ለጋሹ ብቻውን ይጠየቅ። ጥሩ ሆስፒታሎች ለእርሱ ብቻ የሚቆም፣ የበሽተኛውን ጉዳይ የማይዝ ሌላ ሐኪም ይመድባሉ። ለጋሹ ለዚህ ሐኪም «አልፈልግም» ካለ፣ ለቤተሰቡ የሚነገረው «ለመስጠት ብቁ ሆኖ አልተገኘም» የሚል ብቻ ነው። ይህ ውሸት አይደለም ወይ ብለው የሚጠይቁን አሉ። ልቡ ያልፈቀደ ሰው በእርግጥም ብቁ አይደለም።