ስለ ልጆች ፈተናና ስለ ወላጆች ትዕግሥት የተነገረ ቃል



የወይብ ውሃ ሶፍ ዑመር ዋሻ በገባ ጊዜ ከዓይን ይሰወራል፤ ነገር ግን ድንጋዩን እየዞረ በወዲያኛው በር ይወጣል። በፈተና የወደቀ ልጅም እንዲሁ ነው።

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ሲሰጥ፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያገኙት ከመቶው 3.3 ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2። በሁለቱም ዓመት አንድ ተማሪ ስንኳ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ከ1,000 በለጡ። ይህ ሁሉ የልጆች ስንፍና ነውን? መምህርና መጽሐፍ የጎደለበትን ዘመን ዕዳ ልጅ ብቻውን ሊከፍለው አይገባም።

የቅኔ መምህር ደቀ መዝሙሩን በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ያስጀምረዋል፤ ያ ሳይጸናለት ወደ መወድስ አያሻግረውም። ወላጅም ንባቡን ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ ይጠይቅ፤ በ12ኛው ክፍል መጨረሻ ደንግጦ አይነሣ። በጥናት ወራት ከብት ጥበቃውንና ውሃ መቅዳቱን ያቅልለት፤ እንቅልፉን አይንሣው፤ ከጎረቤት ልጅ ጋር አያመዛዝነው።

ውጤት በተነገረ ቀንም አስቀድሞ ማዕድ ያቅርብለት፤ ምክሩ ከዚያ በኋላ ይድረስ። ነጥቡ ላልሞላላቸው ለብዙዎች ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የአቅም ማሻሻያ ትምህርት ተከፍቷል፤ የእጅ ሙያ ትምህርት ቤትም አለ። በሩን የሚያይ ግን ልቡ ያልተሰበረ ልጅ ነው።