ልብ ወለድ ስለ መጻፍ፤ በተበላ ለመምህራንና ለሽማግሎች የተነገረ



ልብ ወለድ መጻፍ ሐሰት መናገር የሚመስለው ሰው አለ። ነገር ግን ሐሰተኛ ሰው የሚናገረው ሰሚውን ሊያታልል ነው፤ ልብ ወለድ ጸሐፊ ግን ነገሩ ያልሆነ መሆኑን ሳይሸሽግ የሰውን ጠባይ ያስረዳል። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. በሮም ያሳተሙት መጽሐፍ ስሙ ራሱ «ልብ ወለድ ታሪክ» ይባላል።

እንግዲህ ልጆች ይህን ሥራ እንዴት ይማሩታል? የሁምቦ ተራራ ያስተምራል። ደኑ ተመንጥሮ ተራራው ተራቁቶ ነበር። ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ ግን 2,728 ሄክታር የሚያህል ምድር ከከብትና ከምሳር ቢጠበቅ፥ ሥሩ ያልሞተው ጉቶ እንደ ገና አቆጠቆጠ። ገበሬውም ከቡቃያው ብርቱውን አስቀርቶ ሌላውን ቢከረክም ዛፍ ሆነ።

የልጅም ታሪክ እንዲሁ ነው። ሥሩ በእናቱ ቤት በወላይትኛ የሰማው ተረትና በዓይኑ ያየው ኑሮ ነው። ስለዚህ ያላየውን አገር ከመጻፍ ይልቅ የእንሰቱን ጓሮ፥ የገበያውን መንገድ፥ የአባያን ሐይቅ አስቀድሞ በአፉ ይተርክ፤ ኋላም ይጻፍ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲያሳትሙ፥ የጻፉት ተወልደው ስላደጉበት ስለ ጎጃም ነው።

ከዚህ በኋላ መከርከም ይገባል። ልጅ «በሬው በሞተ ጊዜ አባቴ እጅግ አዘነ» ብሎ ቢጽፍ፥ መምህሩ «ምን ሲያደርግ አየኸው?» ብሎ ይጠይቀው። ልጁም «ቀንበሩን ከደጅ አንሥቶ ከጓዳ አገባው» ብሎ ቢመልስ፥ ይህ ይጻፍ። «እጅግ አዘነ» የሚለው ግን ይቈረጥ፤ አንባቢው ራሱ ያዝናልና።

የቅኔ ተማሪ ሁለት ቤት ባለው በጉባኤ ቃና ጀምሮ፥ እየተነቀፈና እየታረመ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ ይደርሳል። ልብ ወለድ የሚማር ልጅም በአንድ ገጽ ይጀምር፤ የጻፈውንም ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብ፤ ምላሱ የተሰናከለበትን ቃል ያቅና፤ ዳግመኛም ይጻፈው።

ሽማግሎች ሆይ፥ ልጅ ሲጠይቃችሁ አትሰልቹ፤ ያልተነገረ ተረት ከባለቤቱ ጋራ ይቀበራል። መምህራንም ሆይ፥ በቀይ ቀለም ስትከረክሙ ጉቶውን አትንቀሉ፤ የተነቀለ አያቆጠቁጥምና።