የዐፄ ቴዎድሮስ መልክ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም የተነገረ)



ከከተማችን ከለገጣፎ ወደ ደብረ ብርሃንና ወደ ደሴ የሚወስደውን መንገድ ሁላችንም እናውቀዋለን። ያን መንገድ ይዞ ደሴ የደረሰና ከዚያም ወደ ምዕራብ ያቀና መንገደኛ መቅደላን ያገኛል። ዛሬ ልንናገር ያሰብነው በዚያ አምባ ላይ ስለ ሞቱት ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ፣ ስለ ቤተ ሰባቸውና ስለ ሥዕላቸው ነው።

ሹሩባ የተሠሩት፣ ዓይናቸው እንደ እሳት የሚያበራው ንጉሥ ሥዕል በየመጽሐፉና በየግድግዳው አለ። እኛም ከልጅነታችን ጀምሮ አይተነዋል። ነገር ግን ይህ መልክ ከሞቱ ከብዙ ዘመን በኋላ ሠዓሊዎቻችን በልባቸው አስበው የሣሉት ነው። ታዲያ ፊታቸውን በዓይኑ አይቶ የሣለ ማን ነው? ብለን ጠየቅን።

ካሣ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም. ገደማ በቋራ ተወለዱ። እናታቸውን ወይዘሮ አትጠገብን ጠላቶቻቸው ኮሶ ሻጭ እያሉ ያናንቁባቸው ነበር። እርሳቸው ግን በክንዳቸውና በብልሃታቸው የዘመነ መሳፍንትን ኃያላን ድል ነሥተው በየካቲት 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም በአቡነ ሰላማ እጅ ዘውድ ደፉ። አስቀድመው የራስ ዓሊን ልጅ እቴጌ ተዋበችን አግብተው ነበር። እርሳቸው ከሞቱ በኋላ የደጃዝማች ውቤን ልጅ እቴጌ ጥሩወርቅን አገቡ፤ በሚያዝያ 1853 ዓ.ም. በደብረ ታቦር ልጃቸው ዓለማየሁ ተወለደ።

ንጉሠ ነገሥቱ አገር አንድ እንዲሆን ደከሙ፤ በጋፋት መድፍ አሠሩ፤ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ብለው ብዙ የብራና መጻሕፍት በመቅደላ አከማቹ። እውነት እንድንናገር ተምረናልና ሌላውንም አንሸሽግም፤ ጎንደርን አቃጥለዋል፤ ሲቈጡም የብዙ ሰው ደም አፍስሰዋል። በ1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ መልስ ቢያጣ ቆንስሉንና ሚሲዮናውያኑን አሰሩ። በዚህ ምክንያት የእንግሊዝ ጦር መጣ፤ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. እጄን አልሰጥም ብለው በሽጉጣቸው ራሳቸውን ገደሉ።

ለጥያቄያችን መልስ ያገኘነው እዚህ ላይ ነው። ከእንግሊዝ ቤተ መዘክር ተልኮ ከጦሩ ጋር የመጣ ሆልምስ የሚባል ሰው የሞቱትን ንጉሥ ፊት በእርሳስ ነደፈ። እርሳቸው ከራስጌያቸው ሰቅለውት የነበረውን ኵርዐተ ርእሱ የተባለውን የክርስቶስ ሥዕልም ወስዶ ለራሱ አስቀረ። ሌላም ሰው አስከሬናቸውን ሣለ፤ ከጠጕራቸውም ተቈርጦ ተወሰደ። እንግዲህ ፊታቸውን አይቶ የሣለ ሰው አለ፤ ዓይናቸው ከተከደነ በኋላ ግን ነው።

ዓለማየሁ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለ ወደ እንግሊዝ አገር ተጓዘ። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ገና ከኢትዮጵያ ሳይወጡ በመንገድ ሞቱበት። በዚያው ዓመት ክረምት ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የምትባል ዝነኛ ሴት ፎቶግራፍ አነሣችው። አባት ከሞቱ በኋላ ተሣሉ፤ ልጅ ደግሞ ሁሉን ካጣ በኋላ ፎቶግራፍ ተነሣ። በራግቢ ትምህርት ቤት፣ ኋላም በሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት ገባ፤ በኅዳር 1872 ዓ.ም. በሊድስ ከተማ ታሞ ሞተ። የተቀበረው በዊንድዘር ነው።

ዕድሜው አሥራ ስምንት ነበር። ልዑልነቱን ሳንዘነጋ እንደ እኩያችን «አንተ» ብለን የምናስበው ስለዚህ ነው፤ እኛም ዛሬ አሥራ ስምንት ዓመታችን ነውና። እኛ ከትምህርት ቤት ስንመለስ የእናታችን ድምፅ በራፍ ላይ ይቀበለናል፤ እርሱን በቋንቋው የሚጠራው እናት አልነበረውም።

የንጉሡ ጠጕር በመጋቢት 2011 ዓ.ም.፣ የልጃቸውም በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ለኢትዮጵያ ተመለሰ። ዐፅሙን ግን የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት በ2015 ዓ.ም. ተጠይቆ አልሰጠም። ከመቅደላ የሄዱት ወደ 350 የሚሆኑ የብራና መጻሕፍትም በለንደን ናቸው።

ከዚህ የተማርነው ይህን ነው፤ የሰው ሙሉ መልክ በአንድ ሥዕል አይገኝም። ጠላት የሣለው ሬሳን ብቻ ያሳያል፤ ወዳጅ የሣለው ጀግንነትን ብቻ ያሳያል። ደብዳቤያቸውን፣ ዜና መዋዕላቸውን፣ በጎውንም ክፉውንም አንብበን መልካቸውን በልባችን የምንሥለው እኛ ነን። ታናናሾቻችን ሆይ፤ እኛ በዚህ ዓመት እንወጣለን፤ የቤተ መጻሕፍቱን ወንበር ለእናንተ እንለቃለን። ወንበሩ ባዶ እንዳይሆን አደራ።